ከአራት እጅ ሦስት

ሰሜን ዌልስ ነው አገሩ፣ ዝናብ የሚከርምበት፤
አንድ ተራራ አለ እዚያ፣ ሆድ ዕቃው የወጣበት።
መቶ ዓመት ቆፈሩት፣ ፈለጡት፣ ሰነጠቁት፣
በቅርፊት በቅርፊቱ ለጣሪያ ቸረቸሩት፤
ድንጋዩ ገበያ ሲያጣ ጉድጓዱን ጥለው ሄዱ፤
የቀረው ጨለማ ነው፣ የቀረው ባዶ ሆዱ።

«ስሌት» ነው የድንጋዩ ስም፣ በዚያ አገር ሰው አንደበት፤
እኛ ዘንድ ስሌት ሌላ ነው፣ ቁጥር የሚዋደቅበት።
ኢድዋል በመዶሻ ኖረ፣ ስሌት ሲፈልጥ ሲያነባብር፤
ልጁ ኔስታ እዚያው ዋሻ፣ በስሌት ስትኖር በቁጥር፣
ቃሉ እነሱ ሳያውቁት አዛመዳቸው በምሥጢር።

የሌሊት ተረኛ ናት።
እላይ አንድ ሐይቅ አለ፣ እታች ሌላ ሐይቅ፤
መሀል ለመሀል ቱቦ፣ ድንጋይ ውስጥ የሚዘልቅ።

አገር ምድሩ ሲያሸልብ፣ ፋብሪካው በሩን ሲዘጋ፣
ነፋስ ግን እንቅልፍ የለውም፤ ባሕሩ ላይ እስኪነጋ
የብረት ክንፍ ያዞራል። ፈላጊ ያጣው ጉልበት
ከሽቦ ሽቦ ሲንከራተት፣
ኔስታ ትቀበለዋለች፤ ውሃ ሽቅብ ትገፋበታለች፤
ክብደት ሲባዛ በከፍታ፣ ለተራራው ታበድራለች።

ላይ የተሰቀለ ውሃ ሥራ ፈት ይመስላል፤
በግ የሚነዳ ሰው አይቶት «ኩሬ ነው» ብሎ ያልፋል።
ዝም ማለቱ ግን ዝም አይደለም፤
የተለጠጠ ላስቲክ ነው፣ ያልተለቀቀ እርግጫ፣
እግሩን ያጣጠፈ ሩጫ።

ማታ፣
የእግር ኳሱ ቡድን ለእረፍት ሲወጣ፣
ሚሊዮን ሰው ከሶፋው ብድግ፣ ሻዩን ሊያፈላ ሊጠጣ፣
ሚሊዮን ማንቆርቆሪያ ባንድ ትንፋሽ ሲጣድ፣
መርፌው ይንቀጠቀጣል።
ሃምሳ ነበር የአገሩ ትርታ፤
አርባ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ። ነጥብ ስምንት።
«አሁን» ትለዋለች ውሃውን፣ «በቃ፣ ውረድ አሁን።»

ከፍታው ፍጥነት ሆነ፣ ፍጥነቱ ሽክርክሪት፣
ሽክርክሪቱም መብራት፤
መብራቱ ሜዳ አቋርጦ ሊቨርፑል ገባና
አንዲት የማታውቃት ሴት፣ ውሃዋ ቶሎ ፈላና፣
«ተመስገን» እንኳ ሳትል ስኳሯን ታማስላለች።

ንጋት ላይ መዝገብ ተገለጠ።
ስንት አስገባን? አራት እጅ።
ስንት መለሰ? ሦስት።
ለማጁ ሃዌል አፈጠጠ፤ «ኃይል አይጠፋም አላላችሁም?
መልኩን ይለውጣል እንጂ። አራተኛው እጅ የት ገባ?»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላል የኛ ሰው ሲተርት፤
ኔስታ ግን በየሌሊቱ ታፍሳለች የፈሰሰውን ዕለት በዕለት።
የማይታፈስስ ሌላ ነው።
የልጁን መዳፍ ይዛ ከማሽኑ ጎን አስነካችው፤
ብረቱ ለብ ብሏል፣
አሁን ገና ሰው እንደ ተነሣበት አልጋ።
«ይኸው አራተኛው እጅ፤
ዋሻውን ያሞቃል እንጂ ለማንም አይመለስም።»

እሷስ ያወቀችው ድሮ ነው፣ ሰባት ዓመቷ ሳለ፤
ኢድዋል ከሥራ ሲገባ፣ ካፖርቱ ጤዛ እንዳዘለ፣
የቀዘቀዘ ጣቷን ብብቱ ሥር ትወሽቃለች።
ጠዋት የበላው ዳቦ፣ በላዩ የቀባው ቅቤ፣
ሦስቱ እጅ ድንጋይ ሆኖ ከጉድጓድ ወጣ፤
አራተኛው እጅ ለእጇ መጣ።
ሳንባው የዋጠው አቧራ ግን
በየትኛውም መዝገብ አልገባም።

ሽፍት ሲቀየር ወጣች። ዝናቡ አላባራም።
ላይኛው ሐይቅ ላይ ይወርዳል፣ ያለ ፓምፕ፣ ያለ ደረሰኝ።
ያን ሁሉ ውሃ ከባሕር እስከ ሰማይ ማን ተሸከመው?
ፀሐይ ናት፤
ሦስት ሳምንት ፊቷን ያላየናት፣
ከደመናው ጀርባ ሥራ ላይ ናት።
ኔስታ ኮፍያዋን ደፍታ፣ ኩሬ ኩሬውን እየረገጠች፣
አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ሮጠች።